ሲነሳ የሚጠፋ መስመር

የኮምፒዩተርን የኋላ ጎን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ የኔትወርክ ኬብሉ በሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጡ ሁለት መብራቶች መኖራቸውን ያስተውላል። አንደኛው ኬብሉ ከወዲያኛው ጫፍ ካለው መሣሪያ ጋር መገናኘቱን ሲያመለክት፣ ሁለተኛው መረጃ በሚተላለፍበት ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ኮምፒዩተሩ በሚነሳበት ጊዜ የመጀመሪያው መብራት ይበራል፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፤ እንደገና ይበራል፤ አንዳንዴም ለሦስተኛ ጊዜ ጠፍቶ ይመለሳል። አብዛኛው ተጠቃሚ ይህን አያይም፤ ቢያይም አይገረምበትም። አልፎ አልፎ ግን መብራቱ እንደጠፋ ይቀራል፤ ወይም መብራቱ በርቶ ሳለ ኮምፒዩተሩ ኔትወርክ አላገኘሁም ይላል። በዚህ ጊዜ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ፍርድ «ካርዱ ተቃጥሏል» የሚል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ፍርድ ነው። የኔትወርክ ካርድ እንደ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር፣ እንደ ማቀዝቀዣ ፋን አቧራ የሚያንቀው አካል የለውም፤ ስለሆነም በቀላሉ አይሞትም። ሆኖም በየቦታው ካርዶች ያለ ኃጢአታቸው እየተነቀሉ ይጣላሉ። ዛሬ አብዛኛው ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራ ቺፕ በመሆኑ ደግሞ፣ የተሳሳተው ፍርድ አንዳንዴ ሙሉውን ኮምፒዩተር ይዞ ይሄዳል።

ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገን አንድ ኮሌጅ፣ ሃርድ ዲስካቸው ያለቀ አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ሰብስቦ ያለ ዲስክ እንዲሠሩ አድርጎ ለተማሪዎቹ የልምምድ ክፍል አደራጅቶ ነበር። እያንዳንዱ ማሽን ሲበራ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በኔትወርክ በኩል ከአንድ ሰርቨር ይወስዳል። ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነበር፤ አነስተኛ ወጪ የጠየቀ ሲሆን ለበርካታ ተማሪዎችም የፕሮግራሚንግ መለማመጃ ብቸኛ ቦታ ሆኖላቸው ነበር። ከጊዜ በኋላ የክፍሉ አሮጌ ስዊች (የኮምፒዩተሮቹ ኬብል ሁሉ የሚሰበሰብበት ሳጥን ማለት ነው) ተነሥቶ በአዲስና በተሻለ ስዊች ተተካ። በማግስቱ ማሽኖቹ አንድ በአንድ መነሳት ተሳናቸው። ሁሉም በመጀመሪያ ኔትወርኩን ያገኛሉ፤ ፋይል መጫን ይጀምራሉ፤ ከዚያ እንደ ደነገጠ ሰው ቀጥ ይላሉ። ካርዶች ተገዝተው ተቀየሩ፤ አዲሶቹም እንደ አሮጌዎቹ ሆኑ። ማሽኖቹ አርጅተዋልና ይወገዱ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ተማሪዎቹ የተግባር ፈተናቸውን በወረቀት ላይ ኮድ እየጻፉ እንዲፈተኑ ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነበር እኛ ክፍሉን እንድናይ የተጋበዝነው። ምን እንዳገኘን ከመግለጻችን በፊት ግን ኮምፒዩተር በሚነሳበት ጊዜ በኬብሉ ላይ የሚካሄደውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ቁልፉ ከመጫኑ በፊት

ነገሩ የሚጀምረው የማስነሻው ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኤቲኤክስ የተባለው የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ ደንብ፣ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶም ቢሆን ከሶኬት እስካልተነቀለ ድረስ 5 ቮልት የሆነ ተጠባባቂ ኃይል ለማዘርቦርዱ እንዲደርስ ያደርጋል። የኔትወርክ ካርዱ ከዚህ ኃይል ጥቂት እየቀመሰ ነቅቶ ይተኛል፤ ከሩቅ «ተነሣ» የሚል መልእክት ቢመጣለት ኮምፒዩተሩን ማስነሣት እንዲችል። ብዙ ካርዶች በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነታቸውን በሴኮንድ ወደ 10 ሜጋቢት ዝቅ ያደርጋሉ። የጠፋ ኮምፒዩተር መብራቱ ሲበራ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁልፉ ሲጫን ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። መጀመሪያ የሚይዘው ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ደግሞ ዩኢኤፍአይ የሚባለው መነሻ ፕሮግራም ነው። ኮምፒዩተሩ በኔትወርክ የሚነሳ ከሆነ ፒኤክስኢ የተባለው ፕሮግራም ይረከበዋል። በመጨረሻም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ድራይቨር ይመጣል። በንብረት ክፍል አዲስ ተረካቢ ቆጠራ ሳያደርግ አይረከብም፤ ድራይቨርም እንዲሁ ከእርሱ በፊት የነበረው ፕሮግራም ካርዱን በምን ሁኔታ እንደተወው ስለማያምን ካርዱን ወደ መነሻው መልሶ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። በእያንዳንዱ ርክክብ መስመሩ ይቋረጣል። እንግዲህ የመብራቱ መጥፋትና መብራት በሽታ ሳይሆን የርክክቡ ምልክት ነው ማለት ነው። ጥያቄው መስመሩ ለምን ጠፋ ሳይሆን፣ ከጠፋ በኋላ ለምን ሳይመለስ ቀረ የሚለው ነው።

ድርድሩ

ሮበርት ሜትካፍ እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ኢተርኔትን ሲያስብ፣ መስመሩ ለሁሉም የጋራ የሆነ አንድ ወፍራም ኬብል ነበር፤ ፍጥነቱም አንድ ዓይነት። ዛሬ ግን በሴኮንድ 10፣ 100 እና 1000 ሜጋቢት፣ ከዚያም በላይ የሚሠሩ መሣሪያዎች በአንድ ዓይነት ሶኬት ይገናኛሉ። ስለዚህ ካርዱና ስዊቹ መረጃ ከመለዋወጣቸው በፊት በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ መስማማት አለባቸው። ይህ ኦቶኔጎሲዬሽን የሚባለው ድርድር እ.ኤ.አ. በ1995 በኢተርኔት ደንብ ውስጥ ገብቷል።

አሠራሩ የሚያስደንቅ ቅለት አለው። እያንዳንዱ ወገን በየ16 ሚሊሴኮንዱ ገደማ እጅግ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶችን ይልካል። በአንዱ የምት ጭፍራ ውስጥ ከ17 እስከ 33 ምቶች ይኖራሉ፤ 17ቱ ሁልጊዜ ያሉ፣ ጊዜ የሚቆጥሩ ናቸው። በመካከላቸው ባሉት 16 ክፍተቶች ውስጥ ምት መኖሩ አንድ፣ አለመኖሩ ዜሮ ተብሎ ይነበባል። በዚህ 16 ቢት ቃል ካርዱ «እኔ የምችለው ይህን ይህን ነው» ይላል፤ ስዊቹም የራሱን ይመልሳል፤ ሁለቱም ከሚችሉት መካከል ከፍተኛው ይመረጣል። ድርድር እንደገና በተጀመረ ቁጥር ደግሞ ያለፈውን ለመርሳት ካርዱ ከ1.2 እስከ 1.5 ሴኮንድ ዝም እንዲል ደንቡ ያዛል። መብራቱ ሲጠፋ የምናየው አንዱ ዝምታ ይህ ነው።

አሁን ወደ አንድ አስገራሚ ብልሽት እንምጣ። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች አራት ጥንድ ሆነው ተጠምዝዘዋል። የ10 እና የ100 ሜጋቢት ፍጥነት የሚጠቀመው ሁለቱን ጥንዶች ብቻ ሲሆን፣ እነርሱም በአርጄ-45 ሶኬት 1ኛና 2ኛ፣ 3ኛና 6ኛ ፒን ላይ የሚያርፉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የጸደቀው የመዳብ ኬብል ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንዶች ይፈልጋል። ድርድሩስ በየትኞቹ ሽቦዎች ይካሄዳል? በነዚያው በሁለቱ! ሰማያዊው ጥንድ (4ኛና 5ኛ ፒን) ወይም ቡናማው ጥንድ (7ኛና 8ኛ ፒን) የተቆረጠ ኬብል ላይ ምን እንደሚሆን አንባቢ ከወዲሁ ሳይገምት አይቀርም። ሁለቱ ወገኖች በደኅናዎቹ ሽቦዎች ተነጋግረው «በ1000 እንሥራ» ብለው ይስማማሉ፤ ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥንድ የለም፤ ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ድርድሩ እንደገና ይጀመራል፤ ያው ስምምነት ይደረሳል፤ እንደገና ይፈርሳል። አንዳንድ ካርዶች ከጥቂት ሙከራ በኋላ ብልህ ሆነው ወደ 100 ዝቅ ይላሉ። ሌሎቹ ግን ኬብሉ እስኪነቀል ድረስ በዚሁ ዙር ይቆያሉ።

ተጠቃሚው የሚያየው ይህን ነው፦ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ መብራቱ ይበራል፤ ምክንያቱም በተጠባባቂ ኃይል በ10 ሜጋቢት ለመሥራት ሁለቱ ደኅና ጥንዶች ይበቃሉ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲነሳና ድራይቨሩ 1000 ሲጠይቅ መብራቱ ይጠፋል። ከዚህ በላይ ካርዱንና ድራይቨሩን የሚያስወነጅል ማስረጃ የለም፤ ጥፋተኛው ግን ወንበር እግር ሥር ሲደቆስ የኖረው ኬብል፣ ወይም ጫፉ ላይ በደንብ ያልተጫነ ኮኔክተር ነው። በ100 ሜጋቢት ዘመን አንዳንድ የኬብል ዘርጊዎች አንዱን ኬብል ለሁለት ከፍለው፣ ሁለቱን ጥንድ ለአንድ ኮምፒዩተር፣ ሁለቱን ለሌላው ያደርጉ ነበር። ያ ቁጠባ ጊጋቢት ካርድ እስኪመጣ ድረስ ምንም ጉዳት አልነበረውም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የካርዱን ፍጥነት ለጊዜው በ100 ሜጋቢት መወሰን፤ መስመሩ ከቆመና ካልወደቀ ካርዱን ትቶ ኬብሉን መቀየር። ፍጥነቱን በዚያው ወስኖ መሄድ ግን ተገቢ አይደለም። አንዱ ወገን በእጅ ተወስኖ ሌላው ለድርድር ክፍት ሲሆን፣ ክፍቱ ወገን የሌላውን ፍጥነት ይለይ እንጂ መላክና መቀበል በአንድ ጊዜ መቻሉን ሊያውቅ ስለማይችል፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት ያለበት መስሎት ይሠራል። እንዲህ ያለ መስመር አይቋረጥም፤ እንደ ቀንድ አውጣ ይጎተታል እንጂ።

ሠላሳው ሴኮንድ

ወደ ኮሌጁ ክፍል እንመለስ። እዚያ ኬብሎቹ ደኅና ነበሩ፤ መብራቶቹም ሁሉ በርተው ነበር። መብራት ግን የሚመሰክረው ስለ ሽቦው ብቻ ነው። ስዊቹ ወደዚያ ሽቦ የሚመጣውን መልእክት ማሳለፍ አለማሳለፉን አይናገርም።

ሁለት ስዊቾች በስሕተት በሁለት ኬብል ቢገናኙ፣ ለሁሉም ተብሎ የተላከ አንድ መልእክት በአንዱ ወጥቶ በሌላው እየተመለሰ ያለ ማቋረጥ ይዞራል። በኢተርኔት መልእክት ላይ ዕድሜውን የሚወስን ቁጥር ስለሌለበት የሚያስቆመው የለም፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ኔትወርኩን በሙሉ ያፍነዋል። ለዚህ መፍትሔ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። ስፓኒንግ ትሪ በተባለው ዘዴዋ ስዊቾቹ እርስ በርስ እየተነጋገሩ ክብ የሚፈጥረውን መስመር ራሳቸው ይዘጋሉ፤ የቀረው ኔትወርክ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ዙር የሌለው ይሆናል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1990 ዓለም አቀፍ ደንብ ሆነ።

ጥንቃቄው ግን ዋጋ አለው። በዚህ ደንብ የሚሠራ ስዊች አንድ ኬብል ሕያው በሆነ ቁጥር «ከወዲያ ማዶ ሌላ ስዊች ይኖር ይሆን?» ብሎ ይጠራጠራል። 15 ሴኮንድ ያዳምጣል፤ ሌላ 15 ሴኮንድ አድራሻ ያጠናል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በሩን ይከፍታል። በነዚህ 30 ሴኮንዶች ውስጥ መብራቱ በርቷል፤ ከኮምፒዩተሩ የሚላከው ሁሉ ግን እየተጣለ ነው። መስመሩ ለአፍታ ቢቋረጥ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ከላይ የገለጽነውን ርክክብ እናስታውስ። የኮሌጁ ማሽን ሲበራ ፒኤክስኢ አድራሻ ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣ 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16፣ ከዚያ 32 ሴኮንድ እየጠበቀ ይደግማል። ድምሩ 60 ሴኮንድ ስለሆነ ሠላሳውን ሴኮንድ በትዕግሥት ያልፈዋል፤ አድራሻ አግኝቶ የሊኑክስን ዋና ክፍል ከሰርቨሩ ይጭናል። ያ የተጫነው ሲስተም ሥራ ሲጀምር ግን ካርዱን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። መስመሩ ለቅጽበት ይቋረጣል፤ ስዊቹም በሩን ይዘጋና ሠላሳውን ሴኮንድ ከመጀመሪያው መቁጠር ይጀምራል። አዲሱ ተረካቢ እንደ ፒኤክስኢ ትዕግሥተኛ አልነበረም፤ የጥበቃው ጊዜ ከ30 ሴኮንድ እጅግ ያነሰ ነበርና ፋይሎቹን የሚያገኝበት ሰርቨር እንደሌለ ቆጥሮ ቆመ። አሮጌው ስዊች ተራ ሳጥን ስለነበር ይህን ጥንቃቄ ጭራሽ አያውቅም፤ ችግሩ አብሮት የመጣው ከተሻለው ስዊች ጋር ነው። ካርድ ቢቀየር ባይቀየር ለውጥ ያልታየውም ለዚህ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የፈጀብን አንድ ርካሽ ባለ አምስት ቀዳዳ ስዊች ነው። ትንሹን ስዊች በአንዱ ማሽንና በትልቁ ስዊች መካከል ብናስገባ፣ ማሽኑ ሲነሳና ካርዱ ሲቋረጥ የሚሰማው ትንሹ ብቻ ይሆናል፤ በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው መስመር ግን ሕያው እንደሆነ ስለሚቆይ ትልቁ የሚቆጥረው ነገር የለውም። ማሽኑ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የቀረው በትልቁ ስዊች ላይ እነዚያ ቀዳዳዎች የኮምፒዩተር ብቻ መሆናቸውን መመዝገብ ነበር፤ በሲስኮ ስዊቾች ይህ ትእዛዝ ፖርትፋስት ይባላል። ክፍሉ በዚያው ሳምንት ተከፍቶ ተማሪዎቹ በማሽን ላይ ተፈተኑ።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፈጣኑ ስፓኒንግ ትሪ ጥበቃውን በእጅጉ አሳጥሯል። ነገር ግን እርሱም ቢሆን በኬብሉ ጫፍ ያለው ኮምፒዩተር መሆኑ ካልተነገረው ወይም በራሱ ካልለየ እንደ ቀድሞው ይጠብቃል። ስለዚህ ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። ደግሞም የኮምፒዩተር ብቻ ተብሎ በተመዘገበ ቀዳዳ ላይ ሌላ ስዊች የሚሰካ ሰው ያንኑ የሚያፍነውን ዙር መልሶ ሊጋብዝ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ወዲያው የሚዘጋውን መከላከያ አብሮ ማብራት ብልህነት ነው።

ማንም ያልሰጠው አድራሻ

ዲስክ ባላቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ያው ጉድለት መልኩን ቀይሮ ይታያል። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ በዲኤችሲፒ አማካይነት አድራሻ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ዊንዶውስ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ይህን ቁጥር ብዙዎች የካርድ ሞት ማስታወቂያ አድርገው ይወስዱታል። እንደ እኛ ግምት ግን ለካርዱ የሚቆም ምስክር ነው፤ ዊንዶውስ ይህን አድራሻ የሚሰጠው ድራይቨሩ ሲሠራና ሽቦው ሕያው ሲሆን ነውና። የጎደለው ከሰርቨሩ የሚመጣው መልስ ነው። ከተነሳ አንድ ደቂቃ ካለፈው በኋላ በትእዛዝ መስኮቱ ላይ አይፒኮንፊግ በሚለው ትእዛዝ አድራሻውን ማሳደስ ነው። አሁን እውነተኛ አድራሻ ከመጣ ችግሩ የጊዜ እንጂ የመሣሪያ አይደለም። ሳይነካ ቢተውም ዊንዶውስ በየአምስት ደቂቃው ራሱ ስለሚሞክር፣ «ቡና ጠጥቼ ስመለስ ራሱ ተስተካከለ» የሚባለው ተአምር የሚመጣው ከዚህ ነው።

መብራት ሲመለስ

በአገራችን ይህን ችግር የሚያባብስ አንድ ሁኔታ አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒዩተሮቹ፣ ስዊቹና ሰርቨሩ በአንድ ቅጽበት መነሳት ይጀምራሉ። ስዊችም የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለው ኮምፒዩተር ነውና ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል፤ ትልልቆቹ ደቂቃዎችን ይወስዳሉ። ኤስኤስዲ የተገጠመለት ኮምፒዩተር ደግሞ በሴኮንዶች ውስጥ ተነስቶ አድራሻ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት ግን ገና አልነቃም። በዚህ ረገድ ፈጣኑ ኮምፒዩተር ከዘገምተኛው ይልቅ ይጎዳል፤ አዲስ የተገዛው «ካርዱ ደካማ ነው» ሲባል አሮጌው ሲመሰገን የሚሰማውም ስለዚህ ነው። ለክፍሉ ሁሉ ዩፒኤስ መግዛት ባይቻል፣ ስዊችና ሰርቨር ብቻ በአንድ አነስተኛ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ይበቃል። በባዮስ ውስጥም መብራት ሲመለስ ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዳይነሳ ማድረግ ይቻላል።

ካርዱ በእርግጥ ሲታመም

ካርድ ጭራሽ አይታመምም ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የሊኑክስ 2.6.27 የሙከራ እትሞች ኢ1000ኢ በተባለው ድራይቨር የሚሠሩ የኢንቴል ካርዶችን ቋሚ ማኅደረ ትውስታ አበላሽተው፣ ካርዶቹ ኮምፒዩተሩ እንደገና ቢነሳም የማይመለሱ ሆነው ነበር። ጥርጣሬው በድራይቨሩ ላይ ቢያርፍም፣ የኋላ ኋላ የተገኘው ጥፋተኛ የሲስተሙን አሠራር የሚከታተል ኤፍትሬስ የተባለ ሌላ ክፍል ነበር። ኤፍትሬስ ባዶ የቀረ የማኅደረ ትውስታ ቦታ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ያ ቦታ በዚያ ሰዓት ለካርዱ ተሰጥቶ ኖሯል።

ከዚህ የቀለለውና የተለመደው ሕመም የሚድነው ኃይል በመቁረጥ ነው። ካርዱ በተጠባባቂው 5 ቮልት ስለሚኖር፣ በውስጡ የተዛባ ነገር ካለ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት ላያጠራው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በዊንዶውስ 8 የመጣው ፈጣን አነሳስ ደግሞ፣ «አጥፋ» ሲባል የሲስተሙን እምብርት በዲስክ ላይ አስቀምጦ ማታ እንደነበረ ጠዋት ይመልሰዋል፤ ድራይቨሩም ከነስሕተቱ ይመለሳል። «እንደገና አስነሳ» የሚለው ትእዛዝ ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዚህኛው ደኅና ሆኖ በዚያኛው የሚታመም ካርድ ካጋጠመ ፈጣኑን አነሳስ መዝጋት ነው። ካልሆነም የኃይል ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ፣ የማስነሻውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭኖ የቀረውን ኃይል ማፍሰስና ለግማሽ ደቂቃ ያህል መተው ይጠቅማል።

በእውነት የሞተ ካርድ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በአየር ላይ የተዘረጋ ኬብል ባለበት ግቢ፣ በክረምት፣ ከመብረቅ በኋላ ነው። ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለውን ካርድ ያውቀዋል፤ ድራይቨሩም ያለ ቅሬታ ይጫናል፤ ነገር ግን በደኅና ኬብልና በደኅና ስዊች፣ በ10ም ይሁን በ100፣ ጠፍቶም ይሁን በርቶ፣ መብራቱ ለአንዲት ሴኮንድ እንኳ አይበራም። ይህን ካርድ ነቅሎ መጣል ይቻላል።